የካንሳንጋ ቧንቧና የባልደረቦች ምክክር

ከካምፓላ መሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚያመራው የጋባ ጎዳና ካባላጋላን እንዳለፈ የሚያገኘው ሠፈር ካንሳንጋ ይባላል። የሀገራችን ሰው ይህን ስም በሚገባ ያውቀዋል፤ ከጎረቤቱ ከካባላጋላ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የሚኖሩበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ቡና የሚፈላበት ሠፈር ነውና። ከአጠገቡ የሙየንጋ ኮረብታ አለ። በኮረብታው ዐናት ላይ የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋኖች ስለተሠሩ ነዋሪው ኮረብታውን «ታንክ ሂል» እያለ ይጠራዋል። ጎዳናው የሚያበቃው ደግሞ በሐይቁ ዳር በጋባ ነው፤ ከሐይቁ የሚቀዳው ውሃ በዚያ ተጣርቶ በፓምፕ ኃይል ወደ ሙየንጋ ይገፋል፤ ከሙየንጋም በራሱ ክብደት ወደ ሠፈሮቹ ይወርዳል።

እንግዲህ ካንሳንጋ ያለው በማጣሪያውና በማጠራቀሚያው አቅራቢያ ነው። የነጭ ዓባይ መነሻ ከሆነው ሐይቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ ፍለጋ የሚዞር ሰው ሲታይ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የኛው ተረት ለካ ለካምፓላም ተተርቷል ያሰኛል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ስለ ውሃው ብቻ አይደለም። ውሃውን ስለሚያመጡት የመንግሥት ሠራተኞችና በሠራተኞቹ መካከል ስላለው፣ በየትኛውም የመሥሪያ ቤት መዋቅር ላይ ተሥሎ ስለማይገኘው የእርስ በርስ ትምህርት ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዩጋንዳ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በ1972፣ በኢዲ አሚን ወታደራዊ መንግሥት ዘመን፣ በድንጋጌ ቁጥር 34 ነው። በመጀመሪያ የተሰጠው ኃላፊነት ሦስት ከተሞችን ማለትም ካምፓላን፣ ኢንቴቤንና ጂንጃን ማጠጣት ነበር። በዚያው ዓመት በሺህ የሚቆጠሩ የእስያ ተወላጆች ከሀገር ተባረሩ፤ በ1979 ከታንዛኒያ ጋር የተደረገው ጦርነት አሚንን ከሥልጣን አስወገደ፤ ከዚያ እስከ 1986 ድረስ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ቀጠለ። በነዚያ ዓመታት መሐንዲስ ተሰደደ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ቧንቧው አረጀ። ሰላም ከተመለሰ በኋላ የዓለም ባንክና ሌሎች አበዳሪዎች ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አፈሰሱ። በጋባም በ1992 ሁለተኛው ማጣሪያ ተሠራ። ፓምፑ አዲስ ነው፤ ሲሚንቶው አዲስ ነው። ነገር ግን በ1998 ሲመረመር ከሚመረተው ውሃ 60 በመቶ ያህሉ ዋጋው የማይሰበሰብለት ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ በተቀደደ ቧንቧ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከፊሉ በሌባ ቀጥሎ ይወሰዳል፤ ከፊሉ ደግሞ ቆጣሪው ስለማይሠራ አይመዘገብም። ኮርፖሬሽኑ በሚሠራባቸው ከተሞች አገልግሎቱን የሚያገኘው ነዋሪ 48 በመቶ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ 1,000 የቧንቧ መስመር ደንበኛ 36 ሠራተኛ ይከፈለው ነበር። መንግሥትም ድርጅቱን ለግል ባለሀብት ስለማዛወር ያስብ ጀመር።

ገንዘቡ ካለ፣ ማሽኑ ካለ፣ ሰውም ተትረፍርፎ ካለ የጎደለው ምን ነበር?

ዕውቀት የት ያድራል?

በአሮጌ ከተማ ውስጥ ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧ በካርታ ላይ ካለው ቧንቧ ጋር አንድ አይደለም። ካርታውን የሣለው ሰው ሞቷል ወይም ተሰድዷል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ተሠርቷል፣ አስፋልት ተነጥፏል፣ ቤት ተሠርቷል። መዝጊያው የተቀበረው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ የሚያውቀው ሃያ ዓመት በዚያ ሠፈር የቆፈረው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የማጣሪያው ሠራተኛም እንደዚሁ ነው። የከተማው ቆሻሻ በናኪቩቦ ቦይ ተጉዞ የሚገባው ጋባ ውሃዋን ወደምትቀዳበት ወደ መርቺሰን የባሕር ወሽመጥ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ይደፈርሳል፤ ፀሐይ ሲበረታ አረንጓዴ አልጌ ይበዛና ማጣሪያውን ይደፍናል። ምን ያህል መድኃኒት መጨመር እንዳለበት በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የውሃውን መልክ አይቶ ዛሬ ሌሊት ችግር እንደሚመጣ የሚያውቀው ግን የሌሊት ተረኛው ነው። ይህንንም የተማረው ከእርሱ በፊት ከነበረው ተረኛ ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በሰርኩላር አይተላለፍም። የሚተላለፈው ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ፣ በምሳ ሰዓት፣ በመኪና ላይ፣ አንዱ የደረሰበትን ችግር ለባልንጀራው ሲያወጋ ነው። ዣን ሌቭ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በላይቤሪያ፣ በሞንሮቪያ ከተማ፣ የልብስ ሰፊዎችን የሙያ አማርነት ስታጠና ይህንኑ ተገነዘበች። ለማጁ በመቀመጫ ላይ ተደርድሮ ትምህርት አይሰጠውም፤ በሰፊዎቹ መካከል ተቀምጦ ቁልፍ እየተከለ፣ እያየና እየሰማ በመጨረሻ ሱሪ መቁረጥ ይደርሳል። በ1991 ከኤቲየን ዌንገር ጋር ባወጣችው መጽሐፍ ይህን መሰሉን ስብስብ በኛ ቋንቋ የሙያ ማኅበርተኞች ልንለው የምንችለውን ስም ሰጠችው። ለኛ ሀገር ሸማኔና አንጥረኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው አዲስ የሆነው።

ወታደር አንባቢያችንም ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። አዲስ የተመደበ መቶ አለቃ ምሽጉን የሚያውቀው ከመመሪያው ይልቅ ከአሮጌው ሃምሳ አለቃ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በሃዋይ ጎረቤታሞች የነበሩና እያንዳንዳቸው ሻምበል የሚያዙ ሁለት የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ማታ ማታ በቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይወያዩ ነበር። ወሬያቸው ስለሚያስቸግር ወታደር፣ ስለ ልምምድ፣ ስለ ቤተሰብ ነበር። ያ የበረንዳ ወሬ መጽሐፍ ወጣው፤ ኋላም ሌሎች የሻምበል አዛዦች ተቀላቀሉትና እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ትልቅ መድረክ ሆነ። ጦሩ ራሱ የተቀበለው በኋላ ነው። መጀመሪያ ማንም አላዘዛቸውም ነበር።

ድሩን ያደራው ማን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ተረቱ ግን ድሩን ያደራው ማን እንደሆነና የሚታሰረው አንበሳ የማን እንደሆነ አይናገርም። ስለ ሠራተኞች የእርስ በርስ መረዳዳት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው።

የውሃ ስርቆት ሙያ ነው። ቆጣሪውን ወደ ኋላ ማዞር፣ ከዋናው መስመር ላይ በሌሊት ቅጥያ ማውጣት፣ ቆጣሪውን ሳያነቡ አንብቤያለሁ ብሎ መመዝገብ፣ ይህ ሁሉ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ከሁሉም የተሻለ አስተማሪ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ ከተመረተው ውሃ ግማሽ በላይ የሚጠፋበት ድርጅት ምክክር የሌለበት ድርጅት ነው ማለት ስሕተት ነው። ምክክር ነበር። ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። የሚተላለፈው ግን ከአለቃ ዐይን ተሰውሮ ነው፤ ምክንያቱም አለቃው ስለ ችግር የሚነግረውን ሠራተኛ የሚቀጣ፣ ምንም ችግር የለም የሚለውን ደግሞ የሚያመሰግን ነበርና። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቅን ሠራተኛ ዝም ይላል፤ የሚነጋገሩት ሌቦች ብቻ ይሆናሉ።

በኅዳር 1998 የኮርፖሬሽኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተሾሙት ዶክተር ዊልያም ጺምዋ ሙሃይርዌ የውሃ መሐንዲስ አልነበሩም፤ ኢኮኖሚስት ናቸው። መሐንዲሶቹ በጥርጣሬ ቢመለከቷቸው የሚያስገርም አይደለም። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ግን ያልተማሩት ሙያ ጠቅሟቸዋል፤ መልሱን ስለማያውቁ መጠየቅ ነበረባቸው።

በ1999 መጀመሪያ የ100 ቀን ዘመቻ ተጀመረ። ገቢ መሰብሰብ፣ ብክነት መቀነስና ደንበኛን ማክበር ተልእኮው ነበር። ቀጥሎ የመጣው የአገልግሎትና የገቢ ማሳደጊያ ዘመቻ ሲሆን በሕገ ወጥ መንገድ ውሃ ይወስዱ ለነበሩ ሰዎች ምሕረት ተሰጠ፤ ራሱን ያጋለጠ ሰው ሕጋዊ ደንበኛ ይሆናል እንጂ አይከሰስም ተባለ። ከ2000 ጀምሮም ዋናው መሥሪያ ቤት ከየከተማው ቅርንጫፍ ጋር በውል መሥራት ጀመረ። ይህ ሁሉ በየትኛውም የአስተዳደር መጽሐፍ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው። የኛን ትኩረት የሚስበው በ2002 የተጀመረው፣ በእንግሊዝኛ «ስትሬች አውት» የተባለው፣ እንደ ትርጉሙ ከተለመደው በላይ መንጠራራትን የሚጠይቀው ዘመቻ ነው።

አሠራሩ ከአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የተወሰደ ነው። በየቅርንጫፉ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ቧንቧ ጠጋኙ ያለው ሠራተኛ በአንድ ስብሰባ ይቀመጣል። ማዕረግ በር ላይ ይቀራል። ሥራውን የሚያጓትተው ምን እንደሆነ የሚናገረው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው፤ አለቃውም በዚያው መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ለአንድ የተሰበረ ቧንቧ መጠገኛ መግዣ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ወረቀት መላክ ለምን ያስፈልጋል? አዲስ ደንበኛ ውሃ ለማግኘት ስንት ፊርማ ያስፈልገዋል? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ፣ ቀላል የሚመስሉ ነበሩ። በሌላ ቀን ማንም ሊጠይቃቸው ያልደፈራቸውም ስለነበሩ ነው የቆዩት።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር ተፈጠረ። «ቸከርስ» ማለትም አረጋጋጮች የተባሉ ቡድኖች ተቋቋሙ። እነዚህ ከውጭ የመጡ ኦዲተሮች ሳይሆኑ የድርጅቱ የራሱ ሠራተኞች ናቸው። የአንዱ ከተማ ሠራተኛ ሳይታሰብ ወደ ሌላው ከተማ ይሄድና የሚያየው የተሰበሰበውን ብር ብቻ ሳይሆን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቆጣሪ አንባቢን የሚያታልለው የለም፤ ራሱ ቆጣሪ አንባቢ ነውና። ከሌላው ቅርንጫፍ ያየውን መልካም ዘዴ ደግሞ ወደ ራሱ ከተማ ይዞት ይመለሳል። በየጊዜውም ሥራ አስኪያጆቹ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ውጤታቸውን በጓደኞቻቸው ፊት ያቀርባሉ፤ የቀደመው ይሸለማል፤ የዘገየው ይጠየቃል። ከሚኒስትር ቁጣ ይልቅ የሙያ ባልንጀራ ትዝብት እንደሚከብድ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ለሌቦች ያገለግል የነበረው ድር በዚህ ዓይነት እንደገና ተደወረ።

የካምፓላ ከተማ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በኮርፖሬሽኑ ይዞታ ውስጥ ትልቁ እርሷ ናት። ከ1998 እስከ 2001 የሒሳብ አሰባሰቡ ሥራ ጋውፍ ለተባለው የጀርመን ኩባንያ፣ ከ2002 እስከ 2004 ደግሞ አስተዳደሩ ኦንዴኦ ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በውል ተሰጥቶ ነበር። በዚያው ወቅት ግን በሌሎቹ ከተሞች ያለ ውጭ ኩባንያ የሚሠሩት ዩጋንዳውያን ሠራተኞች ውጤት ያሳዩ ጀመር። በ2004 የፈረንሳዩ ኩባንያ ውል ሲያበቃ አልታደሰም። የካምፓላ ሠራተኞች ራሳቸው የካምፓላ ውሃ ሽርክና በሚል ስም ተደራጅተው ከገዛ መሥሪያ ቤታቸው ጋር ውል ገቡ። ውጤቱ ከመጣ ተጨማሪ ይከፈላቸዋል፤ ካልመጣ ከደመወዛቸው ክፍል ያጣሉ። ጨዋታው እንግዲህ በነጻ አልነበረም።

በ2010 የኮርፖሬሽኑ ደንበኞች ቁጥር ከ50 ሺህ ተነሥቶ ከ240 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። አገልግሎቱን የሚያገኘው ነዋሪ 74 በመቶ ሆነ፤ የሚባክነው ውሃ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ለአንድ ሺህ ደንበኛ 36 የነበረው ሠራተኛ ወደ ሰባት ገደማ ዝቅ አለ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። የደንበኛው መብዛት ቁጥሩን ዝቅ እንዳደረገው እውነት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠራተኛው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከሥራው ተሰናብቷል። በአዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ «ማዕረግ የለም፣ በነጻነት ተናገር» መባል አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ከጎን ይቀመጥ የነበረው ባልንጀራ ዛሬ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ መናገር ሌላ ነገር ነው። ከተሰናበቱት መካከል መዝጊያው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳለ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አልነበሩም ብሎ የሚምል ማን ነው? ዶክተር ሙሃይርዌ በ2009 ስለ ዘመናቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪኩን ከተስፋ መቁረጥ ወደ ተስፋ የተደረገ ጉዞ አድርገው ያቀርቡታል። የሄደው ሰው መጽሐፍ አልጻፈም።

ያም ሆነ ይህ ዕውቀቱ ከዩጋንዳ ድንበር ተሻገረ። ኮርፖሬሽኑ ሠራተኞቹን ወደ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ዛምቢያና ሩዋንዳ እየላከ የእነዚያን ሀገሮች የውሃ ድርጅቶች ይመክር ጀመር። በአፍሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላውን የአፍሪካ መሥሪያ ቤት ሲያስተምር ማየት ያልተለመደ ነበር። አማካሪው ከአውሮጳ ሲመጣ የኖረ ነውና።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ መሰባሰብ አዲሱ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ዕድር አለው፣ ዕቁብ አለው፣ የቡና ሰዓት አለው። የሥራ ባልደረባው አባት ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚያመጣና ማን ገንዘብ እንደሚሰበስብ ማንም ሳያዘው ያውቃል። በ1979 ዓ.ም. በተቋቋመው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተማሩ ባለሙያዎች በየክልሉ የውሃ መሥሪያ ቤቶች ተበትነው ይገኛሉ፤ አብሮ የተማረ ሰው ባለበት ከተማ ፓምፕ ሲበላሽ ከደብዳቤ በፊት ስልክ ይደወላል። ይህ በየትኛውም መዋቅር ላይ የለም፤ ውሃው የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ስልክ ነው።

ሆኖም ሠራተኛውን ከላይ ወደ ታች እናሰባስብህ ሲሉት የሆነውንም እናውቃለን። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቁሞ ነበር። ሠራተኛው በተወሰነው ሰዓት ይሰበሰባል፤ የሚወያየው ግን ስለ ሥራው ሳይሆን ከላይ ስለተላከለት የፖለቲካ ርእስ ነው። ስሙ ውይይት ነበር፤ ብዙ ሰው በዚያ የተማረው ዝምታን ነው። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት መጣ። አንዱ አምስቱን እንዲያስተምር፣ አምስቱም ከአንዱ እንዲማሩ ነበር የታሰበው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሞንሮቪያ ልብስ ሰፊዎች ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ሠራተኛው አንዱ አምስቱን ከሚያስተምር ይልቅ አንዱ አምስቱን የሚመለከት መሰለው። ሪፖርቱ በየሳምንቱ ተሞላ፤ ችግሩን በእውነት የሚያወጋው ሰው ግን ወሬውን ይዞ ወደ ቡናው ሄደ።

በካምፓላና በኛ መካከል ያለው ልዩነት ዩጋንዳውያኑ ከኛ የተሻሉ ሰዎች መሆናቸው አይደለም። እዚያም ቢሆን ዘመቻው ከላይ የመጣ ነበር፤ ስሙም ከአሜሪካ ኩባንያ የተዋሰ ነበር። ልዩነቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የውይይት ክበቡ ሠራተኛውን «ምን ታምናለህ?» ይለዋል፤ የካምፓላው ስብሰባ «ቧንቧው ለምን ሦስት ቀን ሳይጠገን ቆየ?» ይለዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ራሱን ይጠብቃል። ሁለተኛውን የሚመልስ ሰው ስለሚያውቀው ነገር ይናገራል፤ የሚያውቀውን እንዲናገር የተጠየቀ ሠራተኛ ደግሞ ቶሎ ዝም አይልም።

ከ2007 ወዲህ በጋባ ሦስተኛው ማጣሪያ ይሠራል። ኮርፖሬሽኑም ሦስት ከተማ ከነበረው ተነሥቶ ከ200 የሚበልጡ ከተሞችን ያጠጣል። ይሁንና በካምፓላ ዛሬም ከሚመረተው ውሃ ሲሦ የማያንሰው ዋጋው ሳይሰበሰብ ይቀራል። ከተማዋ በሁሉም አቅጣጫ እየሰፋች ነው፤ የናኪቩቦ ቦይ የሚያወርደው ቆሻሻም ወደ ወሽመጡ መግባቱን አላቆመም፤ ውሃው በቆሸሸ ቁጥር ለማጥራት የሚፈለገው መድኃኒት ይጨምራል። በካንሳንጋ ያለው ቤት ጧት ቧንቧውን ከፍቶ ጀበናውን ሲሞላ፣ በጎዳናው ጫፍ የሌሊት ተረኛው የውሃውን መልክ ለቀን ተረኛው ይነግረዋል።